ያረጀ ካምፐር ውስጥ ያለውን የቲቪ ሳጥን አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት

የእህቴ ባል ካምፐሯን፣ ማለትም አልጋና ምድጃ ያላትን የመኪና ቤት፣ በጨረታ ገዝቶ ባሕር ዳር ያመጣት ቀን፣ ገና ሞተሯ ሳይጠፋ ውስጧን ለማየት ተጋፍተን ወጣን። አልጋው ደህና ነው። ምድጃው ይሠራል። ቤቱን ያጠበበው አንድ ነገር ነበር። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ከወለል እስከ ጣሪያ ድረስ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ የቲቪ ሳጥን። መሐሉ ላይ ያ ከኋላው የሚወፍረው የድሮ ቲቪ ተሰንቅሯል። ከሥሩ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ቦታ አለ፣ ከጎኑ የሲዲ መደርደሪያ፣ ከላይ ደግሞ በሩ አልዘጋ ያለ ትንሽ ቁም ሳጥን። ዛሬ ማንም የማይነካው ዕቃ ያን ሁሉ ቦታ ይዞ ተቀምጧል።

«ይሄን ነቅለህ ጠፍጣፋ ቲቪ ስቀልልኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ይበቃሃል» አለኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። የቤት ቡፌና ቁም ሳጥን ስሠራ ነው የኖርኩት፤ መኪና ላይ መሥራት ግን ሌላ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። ካምፐርም ይሁን ወደ ቤትነት የተቀየረ አሮጌ ኮስተር ያላችሁ ሰዎች ይሄን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የማውቀውን ልንገራችሁ።

በዚህ ሥራ ቲቪው ትንሹ ጉዳይ ነው። ትልቆቹ ውሃና መንገድ ናቸው። የቤት ቡፌ አንዴ ከተቀመጠ ተቀመጠ። መኪና ላይ ያለ ሳጥን ግን ኮረኮንች በተገኘ ቁጥር ይናወጣል፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ ይፈልገዋል። ሁለቱን ካላሰባችሁ የቱንም ያህል ብታሳምሩት ዓመት አይቆይም።

መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። ከውጪ የተሳበ መስመር ካለ እሱንም አላቅቁ። እግረ መንገዳችሁን ካምፐሯ ከየት እንደመጣች እወቁ። የአሜሪካ ከሆነች ሶኬቶቿም ቻርጀሯም የተሠሩት ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። ከግቢያችሁ ሶኬት በቀጥታ ብትሰኩላት ውስጥ ያለው ይቃጠላል። የአውሮፓ ከሆነች ግን በዚህ በኩል ስጋት የለም።

ቲቪውን ለብቻችሁ አታውጡ። የድሮ 20 ኢንች ቲቪ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ክብደቱም ያለው ከፊት በመስታወቱ በኩል ስለሆነ ስትስቡት ወደ እናንተ ይደፋል። አንዱ ከፊት ይደግፍ፣ ሌላው ማሰሪያውን ይፍታ። የጀርባውን ክዳን ደግሞ በፍጹም አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም መስታወቱ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሰፈር ውስጥ መዳብ ፍለጋ እነዚህን ቲቪዎች የሚፈታቱ ልጆች ካሉ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው።

ሳጥኑን ለመንቀል መዶሻ አታንሱ። ብዙ ጊዜ እነዚህን ሳጥኖች ፋብሪካው የሚያስገባው የውጪው ግድግዳ ሳይዘጋ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ብሎን የገባው ከውጪ ወደ ውስጥ ነው፤ እናንተ ከውስጥ ሆናችሁ ጭንቅላቱን ፈልጋችሁ አታገኙትም። የቀረው በስቴፕል የተያያዘ ነው። ስስ ጠፍጣፋ ብረት በመገጣጠሚያው አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁት፣ ስቴፕሉን በፒንሳ ሳቡት፣ እምቢ ያለውን ብሎን በብረት መጋዝ ምላጭ ቁረጡት። ግድግዳው እንጨት መስሎ ይታያችኋል እንጂ 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ላይ የእንጨት ሥዕል የተለጠፈበት ነው፣ አንድ ጊዜ በመዶሻ ስትሉት ይቀደዳል። ከመንቀላችሁ በፊት ደጋግማችሁ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ሽቦ በናስትሮ ጠቅልላችሁ የት እንደሚሄድ ጻፉበት። ይሄ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ብትዘሉት ኋላ ሁለት ቀን ሽቦ ስትከተሉ ትውላላችሁ።

አሁን ወደ ውሃው።

የጎኑን ሰሌዳ ሳነሳ ሽታው ቀደመኝ። የታፈነ እህል የሚሸተው ዓይነት ሽታ። ላይኛው ግድግዳ ደረቅ ነው። ወደ ወለሉ ሲጠጋ ግን ኮምፔርሳቶው ጠቆር ብሏል። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ገባልኝ፤ ውሃ ውስጥ እንደወደቀ ድፎ ዳቦ። ጣቴን ሳወጣ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ፣ ከዳሩም ጠብታ ወጣ። ወሩ ጥር ነበር። ዝናብ ካየን ሦስት ወር ሆኖናል። ውሃው ያን ያህል ጊዜ ግድግዳው ውስጥ ተኝቶ እንጨቱን ሲበላ ነበር ማለት ነው፣ ከውጪ ግን ምንም አይታይም፣ ያ የተለጠፈው ሥዕል ሸፍኖት።

ስለዚህ እናንተም ሳጥኑ ከወጣ በኋላ ግድግዳውን በሙሉ በአውራ ጣት እየተጫናችሁ እለፉ። የሚገባ ቦታ ካለ ውሃ አለ። ከየት እንደሚገባ ለማግኘት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው በውሃ ጎማ ውጪውን ያጠጣ። ከታች ጀምሩ። አንዱን ቦታ አምስት ደቂቃ ያህል አጠጥታችሁ፣ ውስጥ ያለው «የለም» ሲል ወደ ላይ አንድ ክንድ ከፍ በሉ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ የገባበትን አታውቁም።

የእኛን ያገኘነው ጣሪያው ላይ ነው፣ የድሮው ቲቪ አንቴና በገባበት ቀዳዳ። ዙሪያው የተለቀለቀው ማሸጊያ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃው የአንቴናውን ገመድ ተከትሎ በግድግዳው ውስጥ ይወርድና ሳጥኑ ሥር ይጠራቀማል። አስቡት፣ ሳጥኑን ያበሰበሰው ያው ቲቪው የተሰካበት ገመድ ነው። በብዙ አሮጌ ካምፐር ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይሄ ቀዳዳ ስለሆነ ጎማውን ከማምጣታችሁ በፊት ወጥታችሁ እዩት።

አንቴናውን ነቀልነው። ቀዳዳውን ከየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር በሚያልፍ የአሉሚኒየም ላሜራ ደፈንነው። ለማሸጊያ የመኪና መስታወት የሚለጠፍበትን ጥቁሩን ፖሊዩሪቴን ተጠቀምኩ፤ የፊት መስታወት የሚቀይሩ ሰዎች ጋ ይገኛል። ፖሊዩሪቴን ፀሐይ ስለማይወድ ከደረቀ በኋላ ላዩን ቀለም ቀቡት። ሲሊኮን ጣሪያ ላይ አታድርጉ። ዛሬ የያዘ ይመስላል፣ ሲለቅ ግን ቅሪቱ ላይ ሌላ ምንም ነገር አይጣበቅም፤ ሲሊኮኑ ራሱ እንኳ።

የበሰበሰውን እንጨት ቆርጣችሁ አውጡ፣ ጠንካራው ከተገኘ በኋላም 10 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ሂዱ። ከዚያ አትቸኩሉ። ግድግዳው ክፍቱን ይሰንብት። እኛ በሩንና መስኮቱን በልቀጥ አድርገን ሁለት ሳምንት ተውናት፣ ማታ ማታ ቬንቲሌተር እየነፋባት። ሥራውን ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ብታደርጉት ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የባሕር ዳር አየር ራሱ እርጥብ ነው፣ ኮላውም ቀለሙም አይደርቅላችሁም፣ እርጥብ ግድግዳ ዘግታችሁ ደግሞ መበስበሱን እንደገና ትጀምሩታላችሁ።

ሁለተኛው ነገር መንገድ ነው ብያለሁ። ይሄኛውን የተማርኩት በጥፋት ነው። ግድግዳው ከደረቀ በኋላ አዲሱን 32 ኢንች ቲቪ ለሙከራ ብዬ በዚያው በስሱ ሰሌዳ ላይ በአራት ብሎን ሰቀልኩት። በእጄ ስነቀንቀው ፍንክች አላለም። እሁድ ወደ ዘጌ ወጣን፤ ኮረኮንቹ ላይ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሄድንም፣ ከኋላ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማን። አራቱም ብሎኖች ሰሌዳውን ቀደው ወጥተዋል። ቲቪው የወደቀው የእህቴ ልጅ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ነው። ያን ቀን ከፊት ከአባቷ አጠገብ እቀመጣለሁ ብላ አልቅሳ ነበር። ወንበሩን ባየሁት ቁጥር አሁንም ሆዴ ይገላበጣል።

የግድግዳው አጥንት ከሰሌዳው ጀርባ ያለው የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ፍሬም ነው። ሳጥኑን ስትነቅሉ የወጡት ብሎኖች በቀጥታ መስመር ይታያሉ፤ መስመሩ አጥንቱ ነው። በሌላው ቦታ በጣታችሁ አንኳኩ፣ ባዶ ነገር የሚመስለው ድምፅ ጠንከር ሲል በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ ከአጥንት እስከ አጥንት የሚደርስ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ቁረጡና ዳርና ዳሩን በኮላና በብሎን እሰሩት። ቲቪው የሚሰቀለው እሱ ላይ ነው። ሚስማር አትጠቀሙ፤ ንቅናቄ ሚስማርን ቀስ በቀስ ይተፋዋል። በኮምፔርሳቶው አልፎ የሚወጣ ቡሎን ካደረጋችሁ ሰፊ ሮንዴላና ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ዳዶ አድርጉበት፣ ተራ ዳዶ በራሱ ይፈታል።

ስለ ጣውላው። ኤምዲኤፍ፣ ያ ከደቀቀ እንጨትና ከኮላ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ፣ ቆንጆ ነው፣ ቀለም ይቀበላል፣ ለመቁረጥም ይቀላል፣ ቤት ውስጥ እኔም እሠራበታለሁ። መኪና ላይ ግን አይሆንም። 122 በ244 የሆነው ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በዚያው መጠን ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ግን ግማሹን ያህል ነው። ቺፕውድ ደግሞ ሐይቅ ዳር እርጥበት ካገኘው እንደ እርሾ ይነፋል፣ ብሎኑም ይለቃል። ኮምፔርሳቶ ስትገዙ ጠርዙን እዩ፤ ንብርብሮቹ መሐል ክፍተት ካለ ተዉት። ሻጩን ቁራጭ ለምኑና ቤት ወስዳችሁ አንድ ሰዓት ቀቅሉት። ንብርብሩ ካልተላቀቀ ኮላው ውሃ ይችላል። ለጠርዝና ለበር ዙሪያ ዋንዛ አድርጌያለሁ። ቀላል ነው፣ ቶሎ አይጣመምም፣ ቫርኒሽ ሲነካው የሚወጣው ቀለም ደግሞ የትም የለም።

32 ኢንች ቲቪ ወርዱ 73 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 43 ገደማ ነው፤ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ነው። የራሳችሁን ለኩ፣ በማስታወቂያ አትመኑ። የድሮው ቲቪ ጉድጓድ ግን ወደ ውስጥ 50 ሴንቲ ሜትር ይገባል። አብዛኛው ሰው ጉድጓዱን በሰሌዳ ይደፍንና ቲቪውን ከላዩ ይሰቅላል። ያን ሁሉ ቦታ ማጣት ያሳዝናል። እኛ ቲቪውን በር አደረግነው። የ15 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ በር በአንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች በሚሄድ ረጅም ማጠፊያ ከአጥንቱ ጋር ታሰረ፣ ቲቪው በሩ ላይ ተሰቀለ። በሩ ሲከፈት ከኋላው ሙሉው ጉድጓድ መደርደሪያ ነው።

እህቴ መጥታ አየችውና «የቡና ዕቃዬ እዚህ ይገባል» አለች። ገባም። ለረከቦቱ በልኩ ጎድጓዳ ማስቀመጫ ሠራንለት። ወፍራም ስፖንጅ ላይ ስድስት ክብ ቆረጥን፣ እያንዳንዱ ሲኒ በአፉ ተደፍቶ ክቡ ውስጥ ይቀመጣል። ለጀበናዋ ሰሌዳ ላይ ሆዷ የሚገባበት ቀዳዳ በስታን፣ ዙሪያውን በስፖንጅ ለብጠን፣ አንገቷን በለስላሳ ቀበቶ ከጀርባው ግድግዳ ጋር አሰርናት። ከሥሩ ለጋቢና ለብርድ ልብስ ቦታ ተረፈ። ቡናው ግን የሚፈላው ውጪ ነው፣ ሐይቁ ዳር ዋርካ ጥላ ሥር። ከሰል ካምፐር ውስጥ አታቀጣጥሉ፣ መስኮት ብትከፍቱም እንኳ። ጭስ ባይታይም ከፍሙ የሚወጣው የማይሸት ጋዝ ተኝታችሁ ሳላችሁ ይገድላል።

መብራቱን በአጭሩ ልለፍ። ገበያ ላይ ያለው 32 ኢንች ቲቪ በአብዛኛው በ220 ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ከመኪናው 12 ቮልት በኢንቨርተር፣ 12ቱን ወደ 220 በሚቀይር መሣሪያ፣ ነው የምታገኙት። ቲቪውና ሪሲቨሩ አንድ ላይ ከ50 እስከ 60 ዋት ቢወስዱ፣ ኢንቨርተሩ የሚያባክነውን ጨምሮ ከባትሪው ወደ 5 አምፔር ይሄዳል። 100 አምፔር ሰዓት ያለው የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙበት 10 ሰዓት ያህል ታያላችሁ፤ ለሁለት ማታ ይበቃል። ካላያችሁ ኢንቨርተሩን አጥፉ፣ ባዶውንም ይበላል። ቲቪያችሁ አዳፕተር ያለውና በ12 ቮልት የሚሠራ ከሆነ በቀጥታ ከመኪናው አትስጡት። ሞተሩ ሲሠራ ከዲናሞው 14 ቮልትና ከዚያ በላይ ስለሚመጣ መሐል ላይ 12 ላይ የሚያረጋጋ ማስተካከያ ይግባ። ለ5 አምፔሩ መስመር ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 10 አምፔር ፊውዝ አድርጌያለሁ። ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር አይራቅ። ቲቪው አጠገብ ያደረጋችሁት እንደሆነ ሽቦው መሐል ላይ ቢላጥ ፊውዙ ምንም አያውቅም፣ እሳት ይነሳል። ሽቦ በብረት ቀዳዳ የሚያልፍ ከሆነ ቀዳዳው ላይ ጎማ ይግባበት፣ ካለዚያ መንገዱ እየሞረደ ይበላዋል።

ሪሲቨሩና ኢንቨርተሩ ስለሚሞቁ ከሳጥኑ ታችና ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ቀዳዳዎች ብሱላቸው፣ ቀዝቃዛው ከታች ገብቶ ሙቁ ከላይ እንዲወጣ። ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ። የሐይቅ ዳር ትንኝ ማታ ብርሃን ካየ መግቢያ አያጣም።

የበር መቆለፊያ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ማግኔት ብቻውን መንገድ ላይ አይዝም፣ አንድ ጉድጓድ ላይ ጎማው ሲወድቅ በሩ ተከፍቶ ዕቃው ሁሉ መሬት ነው። ተጭነው የሚከፍቱት፣ ሲዘጋ ምላስ የሚያስገባ ዓይነት ፈልጉ። ቲቪው ላለበት በር ሁለት አድርጉ፣ አንድ ከላይ አንድ ከታች። የመደርደሪያ ጠርዝ ሁሉ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ዳር ይኑረው።

የቀረውን የድሮ ግድግዳ ቀለም መቀባት ከፈለጋችሁ ላዩ የተለጠፈ ፕላስቲክ መሆኑን አትርሱ። እንዲሁ ብትቀቡት እንደ ድንች ልጣጭ ይነሳል። የዓመታት የማብሰያ ቅባት ስላለበት መጀመሪያ በሳሙና እጠቡት። ሲደርቅ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብልጭልጩ እስኪጠፋ ብቻ ፋቁት፣ ብዙ ከፋቃችሁ ሥዕሉ ይቀደዳል። ከዚያ ለፕላስቲክ የሚሆን መያዣ ቀለም አንድ እጅ፣ ከላዩ የወደዳችሁትን ሁለት እጅ። ነጣ ያለ ቀለም ጠባብ ቤት ያሰፋል። የብሎን ቀዳዳዎችን በስቱኮ ድፈኑ፣ ስትፍቁ ግን አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የኮምፔርሳቶ ብናኝ ኮላ ስላለበት ሳንባ አይወደውም።

የጣሪያውን አንቴና ስላነሳን አሁን ዲሹን በሦስት እግር ማቆሚያ ውጪ እንተክለዋለን። የኢትዮሳት ሳተላይት ያለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነ ከባሕር ዳር ዲሹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቀና ብሎ ነው የሚያየው። በዚያ በኩል ዋርካ ካለ ምንም አይመጣም። ጥላ ስትመርጡ ዛፉ ከሰሜን ወይም ከምዕራብ በኩል ይሁን።

ሁሉም ሲያልቅ ሳጥኑን ባዶውን ይዛችሁ ኮረኮንች መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ንዱ። ሬዲዮ ዝጉና አዳምጡ። የሚንቋቋ ነገር ካለ ቆማችሁ ፈልጉት፤ የሚንቋቋ ነገር እየተፈታ ያለ ነገር ነው። ተመልሳችሁ እያንዳንዱን ብሎን በካቻቢቴ ሞክሩ፣ የመጀመሪያው ጉዞ ሁልጊዜ ሁለት ሦስቱን ያላላል። ሰኔ ሲገባ፣ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት፣ የቲቪውን በር ክፈቱ፣ ጋቢውን አንሱ፣ እጃችሁን እስከ ታች አስገብታችሁ ግድግዳውን በአውራ ጣት ጫን አድርጉት።